የጊፋታ እንግዳ

እንግዳ ኹለት ዓይነት ነው። አንደኛው ተናፍቆ የሚመጣ፤ ኹለተኛው ተፈርቶ የሚመጣ ነው። ለኹለቱም ቤት ይጠረጋል፤ ለኹለቱም እሳት ይነዳል፤ ለኹለቱም በግ ወይም በሬ ይታረዳል። ከውጭ ለሚያይ ሰው የኹለቱ ማእድ አንድ ይመስለዋል። ነገር ግን በፊተኛው ማእድ ባለቤቱ ከእንግዳው ጋር ተቀምጦ ይበላል። በኋለኛው ማእድ ባለቤቱ ቆሞ ያሳልፋል፤ እንግዳው ከሄደም በኋላ የቤቱን ጕድለት ይቈጥራል። የአገራችንን ታሪክ የሚመረምር ሰው እነዚህን ኹለት እንግዶች በየዘመኑ ያገኛቸዋል።

አባታችን አብርሃም በመምሬ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሳለ ሦስት ሰዎች ባየ ጊዜ ሮጦ እንደ ተቀበላቸው፤ እግራቸውን የሚታጠቡበት ውሃ እንዳስመጣ፤ ሣራም እንጎቻ እንደ ጋገረች ኦሪት ዘፍጥረት ይነግረናል። ሊቃውንት ይህን ታሪክ የምሥጢረ ሥላሴ ምሳሌ አድርገው ያስተምሩታል። ከዚሁ ጋር አንድ ሌላ ነገር ልብ ማድረግ ይገባናል፤ ይኸውም አብርሃም እንግዶቹን የተቀበላቸው ማንም ሳያስገድደው በገዛ ፈቃዱ መኾኑ ነው። ይህን በልባችን ይዘን ወደ ወላይታ አገር እንሂድ። በዚያ አገር በመስከረም ወር የሚከበረው ጊፋታ የተባለው በዓል፤ እንግዳን በፈቃድ ስለ መቀበል ብዙ የሚያስተምረን ነገር አለውና።

ወላይታ በምዕራብ የኦሞ ወንዝ፤ በምሥራቅ የብላቴ ወንዝ፤ በደቡብ ምሥራቅ የአባያ ሐይቅ የሚያዋስኑት፤ ደጋም ቈላም ያለው አገር ነው። ዋና ከተማው ሶዶ በዳሞታ ተራራ ግርጌ ተቀምጧል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት የክልሉ መንግሥት መቀመጫ የኾነው ይኸው ከተማ ነው። ሕዝቡ እንሰት ተክሎ፤ በቆሎና ሥራ ሥር ዘርቶ፤ ከብት አርብቶ የሚኖር ነው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቈጠራ የዞኑ ሕዝብ ከ1,500,000 በላይ ኾኖ ተገኝቷል፤ ይህም በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ከ350 ሰው በላይ ማለት ነው። እንግዲህ መሬቱ ጠባብ፤ ሰዉ ብዙ በኾነበት አገር አንድ ገበሬ ብቻውን በሬ ጥሎ ዘመዱን ኹሉ ሊያበላ እንዴት ይቻለዋል? የጊፋታ ሥርዓት ለዚህ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው።

ጊፋታ የወላይታ ዘመን መለወጫ ነው። ቃሉም መጀመሪያ ወይም በኵር እንደ ማለት መኾኑን የአገሩ ሰዎች ያስረዳሉ። ቀኑን ቀድሞ የሚወስኑት የጨረቃን መውጣት፤ መሙላትና መጕደል የሚመለከቱ ሽማግሎች ነበሩ። በዓሉ የሚውለው ከመስከረም 14 እስከ 20 ባለው ጊዜ ውስጥ በሚገኘው እሑድ ነው። የክረምቱ ዝናም የሚያባራበት፤ ወንዙ የሚጐድልበት፤ መንገደኛም ያለ ሥጋት የሚሻገርበት ወራት ነው። በሩቅ ያለ ዘመድ ወደ ቤቱ ለመምጣት ከዚህ የተሻለ ጊዜ አያገኝም።

ነገር ግን በጊፋታ የእንግዳ አቀባበል የሚጀመረው እንግዳው ደጅ በደረሰ ጊዜ አይደለም። የሚጀመረው ካለፈው በዓል ማግሥት ነው። ወንዶች ጐረቤት ከጐረቤት ተባብረው ለበሬ መግዣ የሚኾን ገንዘብ ዓመቱን ሙሉ ጥቂት በጥቂት ያጠራቅማሉ። ሴቶችም በበኩላቸው ማኅበር ገብተው ቅቤ ያጠራቅማሉ። በዓሉ ሲቃረብ እንሰቱ ይፋቃል፤ በርበሬው ከቅመሙ ጋር ተፈጭቶ ዳጣ ይዘጋጃል፤ ወጣቶች እንጨት ፈልጠው ይከምራሉ፤ ለከብቶችም ሣር ታጭዶ ይቀመጣል። ይህ ኹሉ የሚደረገው እንግዳ ተቀምጦ ሳለ ባለቤቱ ወደ ሥራ እንዳይሮጥ ነው። አንድ ሰው ብቻውን የማይችለውን በሬ ብዙ ሰዎች ተባብረው ይጥሉታል፤ ሥጋውም ለየቤቱ በመደብ ይከፈላል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው የአማርኛ ምሳሌ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አያስፈልገውም።

ከዚህም የሚበልጥ ሌላ ዝግጅት አለ። ባለ ዕዳ የኾነ ሰው ከበዓሉ በፊት ዕዳውን እንዲከፍል፤ የተጣላም ሰው ከባላጋራው ጋር እንዲታረቅ ባህሉ ያዝዛል። ሽማግሎች በየመንደሩ ተቀምጠው የአሮጌውን ዓመት ክርክር ይጨርሳሉ። ቂም ይዞ ወደ ዐዲሱ ዓመት መሻገር እንደ ነውር ይቈጠራል። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል፤ መባ ይዞ ወደ መሠዊያው የመጣ ሰው ወንድሙ እንደ ተቀየመው ቢያስብ፤ መባውን በዚያው ትቶ አስቀድሞ ሄዶ እንዲታረቅ አስተምሯል። የወላይታ ሽማግሎች ሥርዓት ከዚህ ትምህርት ጋር እንዴት እንደሚስማማ ካህናት አንባቢዎቻችን በቀላሉ ይረዱታል። የተከፈለ ዕዳና የታረቀ ልብ ከሌለ ማእዱ ሥጋ ብቻ ይኾናል።

እሑዱ በደረሰ ጊዜ ያገቡ ሴቶች ልጆች ከባሎቻቸው ጋር ወደ ወላጆቻቸው ቤት ይሄዳሉ። አማች አማቱን ይጠይቃል፤ ታናሽ ታላቁን ይሳለማል። ጥሬ ሥጋው ከዳጣው ጋር ይቀርባል፤ ከእንሰት ተሠርቶ በቅቤ የሚለወሰው ሙቿም ከማእዱ አይጐድልም። ወጣቶች ጋዜ የተባለውን ጭፈራ በየሜዳው ይጫወታሉ፤ ኮረዳና ጐረምሳም በዚያ ይተያያሉ፤ ብዙ ጋብቻም የሚጠነሰሰው በዚህ ወራት ነው። ቀኖቹ ካለፉ በኋላ በዓሉ ራሱ እንደ እንግዳ ተቈጥሮ በሰላም ሄዶ በሰላም እንዲመለስ ተመርቆ ይሸኛል።

አሁን ደግሞ ተፈርቶ የሚመጣውን እንግዳ እንመልከት። በቀድሞው ዘመን በአገራችን ወታደር ቋሚ ደመወዝና ሰፈር ስላልነበረው በገበሬው ቤት ይመራ ነበር፤ ስሙም ተሠሪ ይባል ነበር። ገበሬው ለዚህ ወታደር መኝታውን ይለቅለታል፤ ሚስቱም ትፈጭለታለች፤ ትጋግርለታለች። በንጉሥ ትእዛዝ የሚያልፍ መንገደኛም እንደ ኾነ ድርጎ የተባለውን ስንቅ፤ ማለት እንጀራውን፤ በጉንና ጠጁን የሚያቀርብለት ያው የአገሬው ሕዝብ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ የተሠሪው ሸክም ለሕዝቡ እንደ ከበደበት አይተው በ1884 ዓ.ም. ገደማ በዚያ ፈንታ ዐሥራት እንዲከፈል አዘዙ። ይህ ትእዛዝ የሚያሳየን፤ በግድ የሚበላ እንግዳ አገር እንደሚያደኸይ ነገሥታቱም ራሳቸው ማወቃቸውን ነው።

ጊዜው እጅግ የከፋ ነበር። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ የከብት በሽታ በሰሜንና በመካከለኛው አገር በሬውን ኹሉ ፈጀ፤ ሕዝቡ እስካሁን ክፉ ቀን እያለ የሚያስታውሰው ረኃብም ተከተለ። በኅዳር ወር 1887 ዓ.ም. የሸዋ ሠራዊት ወደ ወላይታ ዘመተ። የወላይታው ንጉሥ ካዎ ጦና አልገብርም ብለው ተዋጉ፤ በመጨረሻም ቈስለው ተማረኩና ወደ አዲስ አበባ ተወሰዱ። ቫንደርሄይም የተባለ ፈረንሳዊ ከሠራዊቱ ጋር ተጕዞ ስለ ነበረ፤ የሞተውን ሰው ብዛትና የተነዳውን ከብት ብዛት በዐይኑ አይቶ በኋላ በፓሪስ ባሳተመው መጽሐፍ ጽፎታል። በከብት ሀብቱ የታወቀው አገር በአንድ ወር ጦርነት ከብቱንም ሰዉንም አጣ።

ከዚያ በኋላ የገባርነት ሥርዓት በወላይታ ተተከለ። ገባሩ ከመደበኛው ግብር ሌላ በዓል በመጣ ቍጥር በግ፤ ማር፤ ዱቄትና ማገዶ ለባለ ማደሪያው ያቀርብ ነበር። ይህን ነገር በጥሞና እናስብ። ለአንዱ ቤት የደስታ ቀን የኾነው በዓል ለሌላው ቤት የዕዳ መክፈያ ቀን ኾነ። ገበሬው ለልጆቹና ለአማቾቹ ያሰበውን በግ ለማይወደው ሰው አስረከበ። ይህ ሥርዓት ከጠላት ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. በወጣው የመሬት ግብር አዋጅ ግብሩ በገንዘብ እንዲከፈል በመደረጉ ፈረሰ፤ የመሬቱ ባለቤትነት ጥያቄ ግን እስከ 1967ቱ አዋጅ ድረስ ቈየ።

ጊፋታ ግን በዚያ ዘመን ኹሉ አልጠፋም። ምክንያቱን ብንመረምር በዓሉ የተመሠረተው በቤተ መንግሥት ሳይኾን በጐረቤቶች ስምምነት በመኾኑ ነው እንላለን። ንጉሥ ሊማረክ፤ መሬት ሊወሰድ ይችላል። ሰባት ስምንት ጐረቤቶች ግን በየሳምንቱ ጥቂት ሳንቲም ማኖርን፤ ሴቶችም ቅቤ ማጠራቀምን፤ ሽማግሎችም ማስታረቅን ካልተዉ በዓሉ ይኖራል። ተፈርቶ የሚመጣው እንግዳ በአዋጅ ይመጣል፤ በአዋጅም ይቀራል። ተናፍቆ የሚመጣው እንግዳ ግን አዋጅ አያመጣውም፤ አያስቀረውምም።

ከክርስትና ጋር ያለውን ግንኙነት ደግሞ እንይ። ገድለ ተክለ ሃይማኖት ሞተለሚ ስለ ተባለው የዳሞት ንጉሥ ይናገራል፤ ይኸውም አስቀድሞ የጻድቁን እናት እንደ ማረከ፤ በኋላም በጻድቁ ስብከት አምኖ እንደ ተጠመቀ ነው። የወላይታ ሽማግሎች ሞተለሚን ከጥንት ነገሥታቶቻቸው እንደ አንዱ ይቈጥሩታል፤ በወላይታ የሚገኘው ደብረ መንክራት የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ገዳምም ይህን ትውፊት ይዞ ይኖራል። ከ1887 ዓ.ም. ወዲህ አብያተ ክርስቲያናት ሲበዙ መስከረም 17 የሚውለው የመስቀል በዓል ከጊፋታ ጋር ጐን ለጐን ይከበር ጀመር። በብዙ ቤትም የጊፋታው እንግዳ ሳይሄድ የመስቀሉ እንግዳ ይደርሳል። ይህ ነገር በወላይታ ብቻ የሚታይ አይደለም። ጕራጌው ለመስቀል ከአዲስ አበባ ወደ አገሩ ይወርዳል፤ ሐድያ ያሆዴን፤ ከምባታም መሳላን በዚሁ ወራት ያከብራሉ፤ ጋሞና ዳውሮም በመስቀል ዘመዳቸውን ይሰበስባሉ። የመስቀል በዓል በ2006 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ ከዓለም ቅርሶች ጋር በተጻፈ ጊዜ፤ ከደመራው ጋር ይህ የዘመድ መሰባሰብም አብሮ እንደ ተከበረ ልናስብ ይገባል።

በሌላውም ዓለም እንዲህ ያለ ወራት አለ። በሮማ ሃይማኖት አገሮች ከዐቢይ ጾም በፊት ካርኒቫል የተባለ የደስታ ወራት ይደረጋል፤ የቃሉም ትርጕም ሥጋን መተው እንደ ማለት ነው። እነርሱ ወራቱን በሚተዉት ነገር ሲሰይሙት፤ እኛ ግን ያንኑ የጾም ዋዜማ ቅበላ ብለን እንጠራዋለን። ቅበላ መቀበል ከሚለው ግስ የወጣ ስለ ኾነ፤ ጾሙን ራሱን እንደ ክቡር እንግዳ ወጥተን እንቀበለዋለን ማለታችን ነው። የወላይታም ሰው በጊፋታ የሚያደርገው ይህንኑ ይመስላል፤ ዐዲሱን ዓመት ቤቱን አጥርቶ እንደ እንግዳ ይቀበለዋል።

በቅርቡ ዘመን የእንግዳው መልክ ተለወጠ። በ1946 ዓ.ም. የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ በጀመረ ጊዜ፤ ኋላም በአዋሽ ሸለቆ የጥጥና የሸንኰራ እርሻ በተስፋፋ ጊዜ፤ መሬት የጠበበባቸው የወላይታ፤ የከምባታና የሐድያ ወጣቶች ለሥራ ወደዚያ ወረዱ። ሌሎችም ወደ አዲስ አበባ፤ ወደ ሐዋሳና ወደ ሌሎች ከተሞች ሄደው በቀን ሥራ፤ ጫማ በማሳመርና በንግድ መኖር ጀመሩ። ቀድሞ ከጐረቤት ቀበሌ በእግሩ ይመጣ የነበረው እንግዳ፤ አሁን በመኪና ተሳፍሮ መቶ ኪሎ ሜትሮች አቋርጦ የሚመጣ የቤቱ ልጅ ኾነ። አባትና እናት ልጃቸውን በዓመት አንድ ጊዜ የሚያዩት በዚህ በዓል ነው። በ1977 ዓ.ም. ረኃብ በአገሩ በጸና ጊዜም ልጅ ወደ ወላጁ፤ ወንድም ወደ ወንድሙ መመልከቱ የብዙዎችን ነፍስ ለማትረፍ እንደ ረዳ መገመት አያስቸግርም። በደስታ ቀን የሚጠያየቅ ቤተ ዘመድ በመከራ ቀን መንገዱን አይስተውምና።

አንባቢዎች ሆይ፤ ይህን ኹሉ ታሪክ ያነሣነው ስለ ዛሬው ነገር ለመናገር ነው። ተፈርቶ የሚመጣው እንግዳ ከገባርነት ጋር ፈጽሞ የሄደ ሊመስለን ይችላል። እውነቱን ብንመለከት ግን በሌላ ልብስ ተመልሶ ገብቷል። ዓመቱን ሙሉ ሳያጠራቅም ኖሮ በበዓሉ ዋዜማ በብድር ሥጋ የሚገዛ ቤት አለ፤ ጐረቤት ምን ይለኛል ብሎ ከዐቅሙ በላይ የሚደግስ አለ። በከተማ የሚኖረው ልጅ ደግሞ ባዶ እጄን እንዴት እገባለሁ ብሎ አፍሮ ከወላጆቹ ቤት ይቀራል። ባለቤቱ እንግዳውን፤ እንግዳውም ባለቤቱን ፈራ ማለት ነው። ቀድሞ ወታደሩ በገበሬው ቤት ይመራ ነበር፤ ዛሬ ግን ይሉኝታ በየቤታችን ተመርቷል። ይህን አዲስ ተሠሪ የሚያስወጣ አዋጅ የለም፤ ባለቤቱ ራሱ ካላስወጣው በቀር።

የጥንቱ ሥርዓት ዕዳ ከበዓል በፊት ይከፈል ያለው በከንቱ አይደለም። በዓል የዕዳ ማለቂያ እንጂ የዕዳ መጀመሪያ እንዳይኾን ነው። ስለዚህ የጊፋታን ባህል እንጠብቅ የሚል ሰው ጭፈራውንና ሥጋውን ብቻ ቢጠብቅ እኩሌታውን ብቻ ጠበቀ። ሌላው እኩሌታ የጐረቤቶቹ ቍጠባ፤ የተከፈለው ዕዳና የሽማግሎቹ ዕርቅ ነው። ዓመቱ ከፍቶ በሬው ባይገኝ እንኳ ዕርቁ ሊቀር አይገባውም። ጎመን በጤና የሚለው ቃል ማእዱ ቢያንስ ፍቅር እንዳያንስ የተነገረ ነው። ባዶ እጁን የመጣውን ልጅ ሳይጠይቁ የሚያስገባ አባት፤ አምስት በሬ ካረደው ይልቅ የጊፋታን ሕግ ፈጽሟል።

በሶዶ ከተማ ኦቶና የተባለ ሰፈር አለ። በ1920 ዓ.ም. ገደማ ከውጭ አገር የመጡ ሚሲዮናውያን በዚያ ሰፍረው በሽተኞችን ማከም ጀመሩ፤ ዛሬም የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የሚገኘው በዚሁ በኦቶና ነው። ሆስፒታል የሚለው ቃል ሆስፔስ ከሚለው የላቲን ቃል የወጣ ነው፤ በዚያም ቋንቋ ቃሉ እንግዳንም እንግዳ ተቀባይንም በአንድነት ይጠራል። በጥንት ዘመን በአውሮፓ ሆስፒታል የተባለው ቤት መንገደኛና ድኻ፤ በሽተኛም የሚያርፍበት የእንግዳ ቤት ነበር። እንግዲህ በጊፋታ ሰሞን ከተማው ኹሉ በዘመድ ሲሞላ፤ በዚህ የእንግዳ ቤት ከሩቅ ወረዳ መጥተው የተኙ፤ ዘመድ ያልደረሰላቸው ሰዎች እንዳሉ አንርሳ። ጌታችን በሉቃስ ወንጌል ግብዣ ስናደርግ ብድር የሚመልሱልንን ብቻ ሳይኾን ድኾችንና ሕሙማንን እንድንጠራ አስተምሯል። በማቴዎስ ወንጌልም እንግዳን መቀበልና በሽተኛን መጠየቅ በአንድ ፍርድ ተቈጥረዋል። የሶዶ ካህናትና የማኅበር ሰዎች ከየመደባቸው ጥቂት ቢያነሡ፤ ከተከፈለው በሬ አንድ መደብ ለኦቶና ቢኾን፤ ሌሎችም ከተሞች ለየራሳቸው ሕሙማን እንዲሁ ቢያደርጉ፤ የአብርሃም ድንኳን እንደ ገና ተተከለ ማለት ነው።

እግዚአብሔር አምላክ ዕዳችንን ከፍለን፤ ከባላጋራችን ታርቀን፤ እንግዳችንን ሳንፈራ ተናፍቀን የምንቀበልበትን ዓመት ያምጣልን። በየሩቁ ያሉትን ልጆች በሰላም ወደ ቤታቸው ያግባ፤ የሚጠብቋቸውንም ወላጆች በዕድሜ ያቈይልን። አሜን።